የኑረሻም ምዕራፍ

ስሟን በአዳራሹ መካከል፣ በእናቱና በአባቱ ፊት፣ ጮክ ብሎ እንደሚጠራው ምሎላት ነበር። ሙንዚር መሐላ የማያበዛ ሰው ስለነበረ ኢንሺራሕ አመነችው። ሰው መቼም የሚያምነው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ሲምል የሚውለውንማ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል።

ኦምዱርማን ውስጥ አንድ ተማሪ የማስተርስ ጥናቱን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ቀን ግማሽ ሰርግ ነው። አክስቶች የጣፋጭ ትሪ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ስለ ምን እንደሚወራ የማያውቁ አጎቶች ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ተማሪው መጀመሪያ ቆሞ የምስጋና ገጹን ያነባል። ከዘመዶቹና ከመምህራኑ ስም ቀጥሎ የአንዲት ባዳ ልጅ ስም ከተነበበ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ይላካል። በዚያች ገጽ የተጀመረ ትዳር በየሰፈሩ ሞልቷል። ስሟ ከተጠራ በኋላ ዝም የተባለች ልጅ ግን እስካሁን አልተሰማችም፤ ይህን ያህል የተከበረ ነገር ነው።

ሙንዚርም ይህን መንገድ የመረጠው ሌላው በር ስለተዘጋበት ነው። አባቱ በኦምዱርማን ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ሻይ ይቀዘቅዛል። ኢንሺራሕ ደግሞ ከኡበይድ የመጣች የምዕራብ ልጅ ናት፤ አባቷ የጭነት መኪና ነጂ፣ እናቷ ሐጃ ቡሰይና የወሊድ ክፍል ነርስ። የሙንዚር እናት ሲት ነፊሳ አንድ ጊዜ አይተዋት፣ ቁንጅናዋንም ጨዋነቷንም ካመሰገኑ በኋላ፣ «ዘመዶቿ እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ሲሰሙ ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞሩት። «ዲግሪዬን ልያዝ» አላት ሙንዚር ያኔ። «በራሴ ስም የቆምኩ ቀን ስምሽን ከስሜ አጠገብ አነበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?»

ስለዚህ ኢንሺራሕ እናቷን ጠራች። ሐጃ ቡሰይና ከኡበይድ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላቱ መጥተው፣ ለታላቅ ቀን ያስቀመጡትን ወይን ጠጅ ቀለም ቶብ ተጎናጽፈው፣ ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ራሳቸው የጋገሩትን ከዕክ የተባለ ብስኩት በቆርቆሮ ይዘው ነው የመጡት። የልጃቸው ስም በሚጠራበት ቀን ባዶ እጅ መገኘት አይሆንላቸውም።

ኢንሺራሕና ሙንዚር የተዋወቁት በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ሁለቱም በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ አንድን ሟች የመደኒ ከተማ ደራሲ ያጠናሉ፤ እሱ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ያለውን የስደት ጭብጥ፣ እሷ ሴት ገጸ ባሕርያቱን። ቤተ መጻሕፍቱ የደራሲውን ዋና መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው። እሱ ጠዋት ሲያነብ እሷ ከቀትር በኋላ ትወስደዋለች። አንድ ቀን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ኑረሻም አገር ናት» የሚል ጽሑፍ አገኘች። ከሥሩ «እስኪ ደግሞ ሴት ትሁን!» ብላ ጻፈችበት። በማግስቱ ሙንዚር ይህን የጻፈችውን ልጅ ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ዋለ።

ኑረሻም በመጽሐፉ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ባሏ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ቀረ። እሷ ግን በየማታው እራቱን ሠርታ ሰሐኑን በቦታው ታስቀምጣለች። ከዚህ በፊት ያጠኗት ሁሉ ልጆቿን የምትጠብቅ አገር ናት ብለው ጽፈዋል። ኢንሺራሕ በዚህ ትበግናለች፤ በእኛ ክፍል ውስጥ ሴት ሆና አገር ከመሆን የተረፈች ገጸ ባሕርይ የለችም እያለች ታሾፋለች። ሙንዚር ይከራከራታል፣ ይሸነፋል፣ በማግስቱ ደግሞ ሊሸነፍ ይመጣል። ፍቅራቸው በሌላ ሴት ላይ በሚደረግ ጭቅጭቅ ነው ያደገው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በተማሪዎች ረብሻ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ኢንሺራሕም ወደ ኡበይድ ተመለሰች። ደብዳቤ የሚያመላልሱላቸው የአባቷ ጓደኞች፣ የጭነት መኪና ነጂዎቹ፣ ነበሩ። እሷ ናፍቆቷንና ኑረሻምን እያደባለቀች ትጽፍለት ነበር። አሁን መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ስለዚህ ኑረሻም እንደማትጠብቅ አወቅሁ ብላ ጻፈችለት። የሚጠብቅ ሰው ምግብ አይዋጥለትም፤ ኑረሻም ግን ጠግባ ትበላለች። ያ ሰሐን የባሏ ወንድሞች ቤቱን እንዳይወርሱት፣ እሷንም ለአንዱ እንዳይድሯት ያስቀመጠችው ነው። ባል የሚጠበቅበት ቤት አይደፈርም። የእራት ሰሐኗ የበር መዝጊያዋ ነው ብላ ጻፈችለት። ሙንዚርም ናፈቅሽኝ ይልና «ከዚያስ? አማቷ ስትሞት ለምን አላለቀሰችም? ይህንንስ እንዴት ታዪዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው እንደተወደደ ያስባል፤ ኢንሺራሕም እንደዚያው አሰበች። በእናቷ ቤት እራት ሲበላ እንኳ ወሬው ኑረሻም ነበረች። ሐጃ ቡሰይና እንደ ጎረቤት ሴት ይሟገቱላት ነበር፤ አንዳንዴም ተናደው «ይቺ ሴትዮሽ ደግሞ አበዛችው» ይሏታል።

እንግዲህ ሙንዚር ጥቁር ካባውን ደርቦ ተነሣና የምስጋና ገጹን ገለጠ። አባቱን አመሰገነ። እናቱን አመሰገነ። አጎቱን፣ አማካሪውን ዶክተር ባቢከርን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች አመሰገነ። ሐጃ ቡሰይና ልጃቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«አሁን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ገና ነው፣ እማ።»

ሙንዚር ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ ወደ ሴቶቹ ረድፍ መጣና ኢንሺራሕ ላይ ሳይደርስ ተመለሰ። «በጥናቴ ጊዜ በጸሎታቸው ላልተለዩኝ ሁሉ» አለና ገጹን ዘጋ። አዳራሹ አጨበጨበ። የኢንሺራሕ እናት በቆርቆሯቸው ክዳን ላይ የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ኢንሺራሕ ዞራ እንዳታያቸው ፈራች።

ቢሆንም ተስፋዋን አልቆረጠችም። የአፍቃሪ ልብ ምክንያት አያጣም፤ ምናልባት ወደ ኋላ ላይ ይጠራኝ ይሆናል አለች። ሙንዚር የጥናቱን ጭምቅ ሐሳብ ማቅረብ ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ አጎቶቹ አንቀላፉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። «ኑረሻም አትጠብቅም» አለ። «የሚጠብቅ ሰው ምግብ አይዋጥለትም። የእራት ሰሐኗ የበር መዝጊያዋ ነው።»

ኢንሺራሕ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ይህን ኋላ ላይ ስታስታውስ ነው ይበልጥ የሚያማት። በናፍቆት ላምባ ስታቃጥል የጻፈችው ቃል በአዳራሹ ውስጥ ሲሰማ፣ ስሜን እዚህ ሊጠራው ነው ብላ ቀና አለች። ሙንዚር ስለ ኑረሻም አማት ሞት ተናገረ፤ የእሷ ቃል ነው። ስለ ባሏ ወንድሞች ተናገረ፤ እሱም የእሷ ነው። ከዚያ ወደ አራተኛው ምዕራፍ አለፈ። ስሟ አልተጠራም።

ያኔ ነው የገባት። ይህ ጥናት ካለፈ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። የእሷ ጥናት ገና አልቀረበም፤ ልቡ ደግሞ ይሄው የኑረሻም ምዕራፍ ነው። ነገ ይዛው ስትመጣ ከሙንዚር ገለበጠች ይሏታል። ተነሥታ የእኔ ነው ብትል ማስረጃዋ ደብዳቤዎቿ ናቸው፤ እነሱ በእሱ እጅ ናቸው። ቢወጡም የፍቅር ደብዳቤዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከኑረሻም አጠገብ ናፍቆቷ ተጽፏል። እናቷ በተቀመጡበት አዳራሽ ያ ይነበብ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የተባለው ለእሷ ነበር።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ኢኽላስ ብዙ አመስግኖ የማያውቅ ፊት ያላቸው አሮጊት ናቸው። ጥናቱን እያገላበጡ፣ ሌሎቹ ምዕራፎች ከዚህ በፊት ያነበብኳቸው ናቸው፣ ሦስተኛው ግን በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ አግኝቼው የማላውቀው ነገር ነው አሉ። ሲት ነፊሳ በደስታ ቶባቸውን አስተካከሉ። ዶክተሯ ግን አልጨረሱም ነበር።

«አንድ ነገር ግን ይቀረኛል» አሉ። «አንተ እንደምትለው ካልጠበቀችው፣ በመጨረሻው ገጽ ባሏ ሲመጣ ለምን ሰሐኑን ታቀርብለታለች? በዚህ ንባብ ከሄድን በሩን ልትዘጋበት ይገባ ነበር። ይህን ካልመለስክልኝ ምዕራፉ በሙሉ ይወድቃል።»

ሙንዚር ሦስተኛውን ምዕራፍ ገልጦ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረ። ስለ መጨረሻው ገጽ የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው ኢንሺራሕ እዚያ ገጽ ሳትደርስ ነው። ገና ሲያገላብጥ ከመስጊዱ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሶላት ጥሪ ተሰማ። ዶክተር ኢኽላስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከሶላት በኋላ መልሱን እሰማለሁ አሉት። ጥሪው ባይደርስለት ምን ይውጠው እንደነበረ እንጃ።

ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ወጣ። ኢንሺራሕ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ከውኃ ገንቦዎቹ አጠገብ ቆማ ሙንዚር ካባውን እየጎተተ ሲመጣ አየችው። ሊያስረዳኝ ነው፣ ቢያንስ ይቅርታ ሊለኝ ነው አለች በሆዷ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«ተቆጥተሻል» አላት።

«ስሜ የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ ልጠይቅህ ነው የቆምኩት። እኔ አልሰማሁትም።»

«አባቴ ትናንት አነበበው። አውጣው፣ ካላወጣኸው እዚያ አዳራሽ እግሬ አይረግጥም አለኝ። ምን ላድርግ? አባቴ ሳይመጣ ልቁም?»

«ምዕራፉንስ? እሱንም አባትህ ናቸው ያስገቡት?»

ሙንዚር ግራ ቀኝ አየ። «የእኔና የአንቺ ምን ልዩነት አለው ኢንሺ? ነገ አንድ ቤት ነን እኮ።»

«እሺ፣ እኔ ጥናቴን ሳቀርብ ከየት ገለበጥሽው ሲሉኝ ከባሌ ቤት ልበላቸው?»

«ሌላ ርእስ ታገኛለሽ። አንቺ ጭንቅላት አለሽ፤ ዛሬ ቢወስዱብሽ ነገ ሌላ ታመጫለሽ። እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ውሸት አልነበረበትም። ጭንቁ አሳዘናት፤ በማዘኗ ደግሞ በራሷ ተናደደች። ሙንዚር ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ከወደቅሁ በምን ፊቴ ነው አባቴን ስለ አንቺ የማናግረው? እባክሽ ንገሪኝ። ለምን ሰሐኑን አቀረበችለት?»

ለካ የመጣው ለዚህ ነው። ኢንሺራሕ ሳቀች፤ ደረቅ ሳቅ ነበር፣ ገንቦው አጠገብ ውኃ የሚጠጡት ሴቶች ዞር ብለው አዩዋት። ዝም ብላው መሄድ ትችል ነበር። ዝም ብትል ሙንዚር ይዋረዳል፤ ይዋረድ፣ የእጁን ነው። ነገር ግን ኑረሻምም አብራው ትወድቃለች። ዶክተሯ ንባቡ ስሕተት ነው ብለው ይጽፋሉ፣ ያቺም ሴት ተመልሳ ሰው የምትጠብቅ አገር ትሆናለች። ኢንሺራሕ ይህን አልቻለችም። እልኸኛ አልነበረችም፣ ወይም ከእልኋ የሚበልጥ ነገር ነበራት።

«ስለ አንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለችው። «ስለ እሷ ብዬ ነው። የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አንብበው። ሰሐኑን ያቀረበችለት የት ነው?»

«ቤቷ ውስጥ።»

«በእንግዳ ክፍል ነው። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ የምታስቀምጠው ጓዳ ውስጥ፣ በእሱ ቦታ ነበር። ሲመጣ እንግዳ ክፍል አስገባችው፣ ቆማ እጁን አስታጠበችው። አንድ መስመር ናት፣ ሰው ሁሉ ዘሎ ያልፋታል። ባል ሄዶ ራሱ ይታጠባል፤ ቆመው የሚያስታጥቡት እንግዳን ነው። እንግዳ ደግሞ በልቶ ይሄዳል። በሩን ብትዘጋበት ኖሮ ገና ባሏ ነው ማለት ነበር።»

እያወራች እጇን ጆግ እንደያዘ ሰው አዘንብላ አሳየችው። ሙንዚር አፉ ውስጥ ደገመው። እንዳይረሳው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እያየችው፣ ይህን ሰው በምን እንደወደደችው ለማስታወስ ሞከረች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው። «ከየት እንዳገኘኸው ይጠይቁሃል። ያን ጊዜ ስሜን ጥራ። ምስጋናህን አልፈልግም። እጮኛዬም አትበለኝ። እንደ ምንጭ ብቻ ጥራኝ።»

«ወላሂ እጠራሻለሁ» አለና ሮጠ።

ከሶላት በኋላ ሙንዚር ቆሞ ስለ እንግዳው ክፍል ተናገረ። ስለ እጅ ማስታጠቡ ሲደርስ እጁን እሷ እንዳደረገችው አደረገ፤ የጆግ አያያዟን ሳይቀር ቀድቶታል። ያንቀላፉት አጎቶች ነቅተዋል። ዶክተር ኢኽላስ መጽሐፉን ገልጠው መስመሯን ፈለጉና አገኟት።

«ይህን መጽሐፍ ከአንተ ዕድሜ በላይ አስተምሬዋለሁ» አሉት። «አላየሁትም ነበር። እንዴት ደረስክበት?»

ሙንዚር ዞረና ኢንሺራሕን አያት። ያን ቀን ሙሉ ዓይኗ ላይ ያልደረሰው ዓይኑ አሁን ደረሰ። እሷም አየችው፤ ከእናቷ አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣ። ከፊተኛው ረድፍ አባቱ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ዓይኑ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ አባቱ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ዶክተሯ።

«ደጋግሜ በማንበብ ነው፣ ዶክተር» አለ።

ፈታኞቹ ወጥተው ሲመለሱ ውጤቱ እጅግ በጣም ጥሩ ሆነ፤ ሦስተኛው ምዕራፍም ለብቻው እንዲታተም ተባለ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሁሉ የበለጠው የሐጃ ቡሰይና እልልታ ነበር። በወሊድ ክፍል ስንት ልጅ እልል ብለው የተቀበሉበት ጉሮሮ ነው፤ ምንም አላወቁም። ምስጋናው ላይ ስሟን የዘለለው ውጤቱ ይቅደም ብሎ ነው፣ አሁን ይጠራታል ብለው አስበዋል። ኢንሺራሕ እናቷ በእንግዳ ሰዎች መሐል ቆመው የሰው ድል ሲያደምቁ አየች። ዝም በይ፣ እማ ልትላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም።

እንግዶቹ ተሰልፈው እንኳን ደስ ያለህ ማለት ጀመሩ። እናትና ልጅም ተሰለፉ፤ አለመሰለፍ ያስወራል። ሲት ነፊሳ ከልጃቸው ጎን ቆመው ለእያንዳንዱ እንግዳ ባስታ የተባለ ጣፋጭ በካርቶን ያድላሉ። ኢንሺራሕ ስትደርስ ፊታቸው ላይ የድል ቀን ርኅራኄ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ደግ መሆን አይከብደውም።

«ለአንቺም ያድርስልሽ፣ ልጄ» አሉና ካርቶኑን ለሐጃ ቡሰይና ሰጧቸው። «የአንቺስ ጥናት በምን ላይ ነው?»

ሙንዚር በዚያ ካባው ውስጥ ደርቆ ቀረ። ዶክተር ኢኽላስ ሁለት ሰው ያህል ራቅ ብለው ሻይ ይዘው ቆመዋል፤ ቢሰሙ ይሰማሉ። ኢንሺራሕ ለአፍታ ያህል የኑረሻምን ስም አፏ ላይ ያዘችው።

«ገና ርእስ እየፈለግሁ ነው፣ እትዬ» አለች።

ሐጃ ቡሰይና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ሁሉ በእራት ሰዓት ከማን ጋር ሲጣሉ እንደነበረ፣ ለማን ሲሟገቱ እንደነበረ ያውቃሉ። ቅድም አዳራሹ ውስጥ ኑረሻም የሚለው ስም ሲጠራ የልጄ ሴትዮ ብለው ፈገግ ብለው ነበር፤ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ስለሚያጠኑ አልገረማቸውም። አሁን የልጃቸውን ፊት አዩ። ከዚያ ሙንዚርን አዩት፤ እሱ ጫማውን ያያል። የባስታውን ካርቶን ቀስ አድርገው በሲት ነፊሳ እጅ ላይ መልሰው አስቀመጡት። የደስታ ጣፋጭ የሚመልስ ሰው በዚያ አገር የለም፤ ከኋላ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ደስታው የእናንተ ነው» አሉ ሐጃ ቡሰይና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እናንተው ብሉት።»

የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። የከዕኩን ቆርቆሮ ሳይከፍቱት መልሰው ይዘውታል። በሩ ላይ ሙንዚር «ኢንሺራሕ» ሲል ሰማችው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ ስሟን ጠራው። አልዞረችም።

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። ሐጃ ቡሰይና ቆርቆሮውን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው የልጃቸውን እጅ ሳይለቁ ቆሙ።

«ሴትዮሽን ወሰዱብሽ?» አሏት።

«አልወሰዱብኝም፣ እማ። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

ከዚያ በኋላ አልቻለችም። እዚያው በሰው መሐል እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለእሱ ይሁን ለኑረሻም ራሷም አላወቀችውም። ሐጃ ቡሰይና የቶባቸውን ጫፍ ስበው ከነፊቷ ሸፈኗት።